የድንጋይ ፕሬዚዳንቶችና የእድራችን ዳኛ

ከሲያትል ተነስቶ ደቡብ ዳኮታ ድረስ በመኪና የሚሄድ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ ከብት ነጋዴ ነው፣ ወይ ሚስቱ ከቤት ያስወጣችው ነው። እኔ ሦስተኛ ዓይነት ሆኜ ሄጄ መጣሁ፤ የሰው ባል ይዤ። እናንተ እንደማትሄዱ ስለማውቅ ወገቤ ሳይረሳው ልጻፍላችሁ። መንገዱ ረጅም ነው። ምን ያህል ረጅም ነው ካላችሁኝ፣ ስነሳ ሙልጭ አድርጌ የተላጨሁት ጺም ስደርስ ሸብቶ ነበር።

የሰው ባል ያልኳችሁ ጋሽ መኩሪያን ነው። ከሲያትል ጥግ፣ አበሻ የሞላባት ቱክዊላ ነው የሚኖሩት፤ እኔ እዚያው አቅራቢያ ዴ ሞይን፣ አውሮፕላኖቹ ጣሪያዬን እየላሱ የሚያልፉበት ሰፈር። እድራችን ከተመሠረተ ጀምሮ ዳኛው እሳቸው ናቸው። እድሩ እንደማንኛውም እድር ነው፤ ሰው ሲያርፍ ይቀብራል፣ ሐዘንተኛ ያስተዛዝናል፣ በየስብሰባው ይጣላል። ከሲያትል እስከ ታኮማ አንድ አበሻ ካረፈ ከሐኪሙ ቀጥለው የሚሰሙት ጋሽ መኩሪያ ናቸው፤ እንዲያውም አንዳንዴ ሐኪሙ ከእሳቸው ነው የሚሰማው። ስልካቸው አይዘጋም። ቅዳሴ ላይ ድምፁን አጥፍተው በደረት ኪሳቸው ይይዙታል፤ ሲንቀጠቀጥ ልባቸውን ያመማቸው እየመሰለን ስንት ጊዜ ደንግጠናል።

በእድራችን ሕግ ጥቆማው በአንዱ ስብሰባ፣ ምርጫው በሚቀጥለው ነው። ባለፈው ወር የጥቆማው ስብሰባ ሆነ። ሁሌም እንደሚደረገው አንዱ ተነስቶ “ጋሽ መኩሪያ ይቀጥሉልን” አለ። ሁሌም እንደሚያደርጉት ጋሽ መኩሪያ ግማሽ ያህል ብድግ ብለው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ “ኧረ እኔን ተዉኝ፤ ደክሞኛል፤ ለወጣት ስጡት” አሉ። ወግ ነው። ከዚያ እኛ “ኧረ በፍጹም!” እንላለን። እሳቸው ሁለተኛ እምቢ ይላሉ። አንድ ሽማግሌ ተነስቶ ይለምናል፣ ሴቶቹ “በእመቤታችን!” ይላሉ፣ በሦስተኛው ልመና እሺ ይሉናል። እናጨበጭባለን፣ ቤታችን እንሄዳለን። ስንት ዓመት እንዲህ ኖረናል።

ዘንድሮ ስብሰባውን የመራው ናታን ነበር። ናታን እዚሁ ያደገ፣ ጨዋ፣ ሰዓት አክባሪ፣ ሰው ሲናገር የሚያዳምጥ ልጅ ነው። ጥፋቱ ሁሉ ይኸው ነው። ጋሽ መኩሪያ “ተዉኝ” እንዳሉ አንገቱን በአክብሮት ዝቅ አደረገና፣

“ኦኬ፣ ጋሼ ዲክላይን አድርገዋል። እናመሰግናለን ጋሼ፣ ውሳኔዎን ሪስፔክት እናደርጋለን። ኔክስት?” አለ፤ እምቢ ብለዋል ብሎ ጻፈውም።

እኛ “ኧረ በፍጹም” ለማለት አፋችንን ከፍተን ነበር፤ አየር ብቻ ገባበት። ከኋላ አንድ ሰው በድንጋጤ “ሲስተር ናርዶስ” አለ። ሲስተር ናርዶስ ነርስ ናት፤ ጎበዝ ናት፤ እሷም ክው ከማለቷ የተነሳ እምቢ ማለቱን ረሳችው። ጋሽ መኩሪያ ግማሽ ብድግ እንዳሉ ቀርተው ነበርና ቀስ ብለው ተቀመጡ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰው ሁሉ “ጋሼ ደክሟቸዋል” ብሎ መደወል ተወ።

ነገሩ አልተዘጋም፤ እድሩ ጥቆማ እስከ ምርጫው ቀን ይቀበላል። ብቻ አንዴ እምቢታው የተጻፈን ሰው ራሱ ካልተመለሰ በቀር ሌላ ሰው መልሶ አይጠቁመውም የሚል አንቀጽ አለን። አንቀጹን ያስገቡት ራሳቸው ጋሽ መኩሪያ ናቸው፤ ሰው እንዳይጨቀጨቅ ብለው። ናታንም ደውሎላቸው “ጋሼ፣ ከፈለጉ ተነስተው ‘እኔ እፈልጋለሁ’ ማለት ብቻ ነው፤ ኖ ፕሮብሌም” ብሏቸዋል።

“‘እፈልጋለሁ’ በል አለኝ እኮ!” አሉኝ ሲነግሩኝ። “በሰው ፊት! ራቁትህን ሬኒየር አቬኑ ላይ ሂድ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።”

ምርጫው አንድ ሳምንት ሲቀረው ባለቤታቸው እትዬ ዘውዲቱ ደወሉልኝ። “ሽመልስ ልጄ፣ ይህን ሰው ወዲያ ውሰድልኝ። ስልኩን እንደታመመ ሕፃን ፊቱ አስቀምጦ ሲያየው ይውላል።” እኔ የድንጋይ ፕሬዚዳንቶቹን ማየት ከተመኘሁ ቆይቻለሁ። ቱክዊላ ሄጄ፣

“ጋሼ፣ ከሥልጣን የማይወርዱ ሰዎች ላሳይዎት” አልኳቸው።

“የት ነው ያሉት?”

“ደቡብ ዳኮታ። ተራራ ላይ የተፈለፈሉ ድንጋይ ናቸው።”

“ኧረ እኔን ተወኝ” አሉ። እኔ የናታን እኩያ ስላልሆንኩ ሁለት ጊዜ ጨምሬ ለመንኳቸው።

ሰኞ

በጠዋት ወጣን። ቫኔን ታውቋታላችሁ፤ ካላወቃችኋትም ከኤርፖርቱ ስትወጡ የሚያለቅስ ፍሬን ከሰማችሁ እሷ ናት። እትዬ ዘውዲቱ ለአንድ ሻለቃ ጦር የሚበቃ ስንቅ ጫኑልን፤ ቋንጣ ፍርፍር፣ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ በጠርሙስ የተበጠበጠ በሶ። ከተማውን ሳንለቅ ቫኗ የገበያ ቀን አውቶቡስ ሸተተች።

ስኖኳልሚ የሚባለው የተራራ በር ላይ ጉሙ የጣርማ በርን ጉም ያስታውሳል፤ ልዩነቱ እዚህ ተሳፋሪው አማትቦ አያልፍም። ተራራውን እንደተሻገርን ዝናቡ ኬላ ላይ እንደተያዘ ኮንትሮባንድ ከኋላችን ቀረ። ወዲያኛው ደረቅ፣ ሜዳ፣ የስንዴ ሀገር ነው። እኛ ሲያትል ቁጭ ብለን ክፍለ ሀገራችን ዋሽንግተን ማለት ዝናብና የመኪና መጨናነቅ ይመስለናል እንጂ ግማሹ ክፍለ ሀገር እኮ አንሶላ እንደሌለው አልጋ ነው።

አይዳሆን በአንድ ቆሎ ጨረስናት። ማታ ሞንታና ውስጥ ሚዙላ የምትባል ከተማ ደረስን። ሞቴሉ ውስጥ የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ የጋሽ መኩሪያን አረማመድ አይታ፣ “ምድር ቤት ክፍል ልስጥዎት? ሊፍት የለንም” አለቻቸው። አንገታቸውን ሰበር አድርገው “ኖ፣ ኖ፣ ችግር የለም” አሏት፤ እንድትለምናቸው። ልጅቱ ፈገግ ብላ ሦስተኛ ፎቅ ቁልፍ ሰጠችን።

ደረጃው መሐል ላይ ጉልበታቸውን ይዘው ቆሙና፣ “አንድ ጊዜ እንኳ አትደግምም?” አሉኝ።

“ጋሼ፣ ይህን ያህል ዓመት አሜሪካ ኖረው…”

“እኔ አሜሪካ መቼ ኖርኩ? ቱክዊላ ነው የኖርኩት።”

ማክሰኞ

ሞንታና አያልቅም። ሌላ ልጽፍላችሁ የምችለው የለም። ጠዋት ያየሁትን ላም ከሰዓት በኋላም ያየሁት መሰለኝ፤ እሷም ያየችኝ መሰለኝ። ሰማዩ በጣም ትልቅ ነው። ባሌ ሄዶ የሳነቴን ሜዳ ያየ ሰው ይህን በመቶ ያባዛው፤ ከዚያ ቀይ ቀበሮውን ያውጣና ጥቁር የሥጋ ከብት ያስገባበት። ሰው የለም። አንድ ነዳጅ ማደያ ቆመን፣ ሻጩ ሰውዬ ሌላ ሰው ካየ የቆየ ይመስል ከየት እንደመጣን፣ ወዴት እንደምንሄድ፣ እናቶቻችን በሕይወት እንዳሉ ሁሉ ጠየቀን። ጋሽ መኩሪያ ወደዱት። “ይሄ የወሎ ሰው ነው” አሉ።

ቢሊንግስ የምትባለውን ከተማ እንዳለፍን ኔትወርክ ጠፋ። ጋሽ መኩሪያ ስልካቸውን ወደ መስኮቱ አነሱት፣ ወደ ጣሪያው አነሱት፣ ከዚያ ፊታቸው ሲበራ አየሁ።

“ሽመልስ! ኔትወርክ እኮ የለም!”

“የለም ጋሼ።”

“ሰው ቢደውልም አይገባም ማለት ነው።”

“አይገባም።”

ተደላድለው ተቀመጡ። እስከ ዋዮሚንግ ድረስ እንደዚያ ደስ ብሏቸው፣ ቆሎ እየቆረጠሙ፣ ስለ ድሮ ቀብሮች ሲያጫውቱኝ ሄድን። ሸሪዳን የምትባል ከተማ ስንገባ ስልኩ ኔትወርክ አገኘና ጢጥ አለ። ሁለታችንም አየነው። ማንም አልደወለም። ስልኩን ወደ ደረት ኪሳቸው መለሱት።

ረቡዕ

ሸሪዳን ቁርስ ማለት ሥጋ፣ እንቁላልና ተጨማሪ ሥጋ ነው። ረቡዕ ነበርና ጋሽ መኩሪያ በሶ ጠጡ። በሶው አለቀ። ምሳም ሥጋ ነው። ሰላጣው ላይ እንኳ ሥጋ ነስንሰውበታል። ይሄ ሀገር ጾመኛ ገብቶበት አያውቅም፤ ከገባም በሕይወት አልወጣም።

ደቡብ ዳኮታ ገብተን ጥቁር ተራሮች የሚሏቸው ሰንሰለቶች መሐል ስንጠማዘዝ የኋላ ጎማችን ፈነዳ። ጥሩነቱ የፈነዳው አንዲት አነስተኛ ሞቴል በር ላይ ነው። ቫኗ ከእኔ የበለጠ ታስባለች። መለዋወጫ ጎማ አለኝ ብዬ የኋላውን ስከፍት፣ ያስቀመጥኩበት ቦታ ድፎ ዳቦ ተቀምጦ አገኘሁ። ስንቅ ለመጫን ጎማውን እትዬ ዘውዲቱ ግቢ አውርጄው ረስቼዋለሁ። ጋሽ መኩሪያ ዳቦውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉና “ይገጥማል” አሉ።

የሞቴሉ ባለቤት ወጡ። ዶሪስ ይባላሉ፤ ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ጂንስ ሱሪ ታጥቀው፣ ቡትስ ጫማ አድርገው መዶሻ ይዘዋል። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም፤ እኔ ስተረጉም እጨምርበታለሁ፤ እትዬም ብያቸዋለሁ። ጎማውን አዩትና ጎማ ሠሪ ጋ ደወሉ፤ የኛ ልክ ከከተማ ታዝዞ የሚመጣው በማግሥቱ ከሰዓት ነው። “እንግዲህ ዛሬና ነገ የኔ ናችሁ” አሉን። ክፍል ሰጡን፤ እራት አብራችሁኝ ብሉ አሉን። ሀገራችን ገጠር ውስጥ መኪና ተበላሽቶበት የመሸበት ሰው የሚያገኘው አቀባበል ነው፤ ሲያትል ውስጥ ቢሆን ጎረቤቴ በመስኮት አይቶኝ መጋረጃውን ይዘጋ ነበር።

እራቱ ምን እንደሆነ ገምቱ። አንድ ሙሉ የበሬ ጎን። ረቡዕ የማንበላ መሆኑን አስረዳሁ። እትዬ ዶሪስ አልተቀየሙም። ያለ ቅቤ የተጠበሰ ድንች አቀረቡላቸው። ጋሽ መኩሪያ ከጠዋቱ በሶ በኋላ ቆሎ ብቻ ነው የቀመሱት፤ ድንቹ ሁለት ጉርሻ አልሆነም።

“ልጨምርልዎት?” አሉ እትዬ ዶሪስ።

“ኖ፣ ኖ፣ ጠግቤአለሁ!” እጅ ደረት ላይ።

እትዬ ዶሪስ “ጥሩ” ብለው ድስቱን አንስተው ወሰዱት። የጋሽ መኩሪያ ዓይን ድስቱን እስከ ማቀዝቀዣው ድረስ ሸኘው።

እኔ በጠረጴዛው ሥር እግራቸውን ነካ አድርጌ በአማርኛ፣ “ጋሼ፣ ‘እፈልጋለሁ’ ይበሉ” አልኳቸው።

“ዝም በል። በሰው ቤት!”

የተኙት በዳቦ ነው፤ ጎማችንን ግማሹን በሉት።

ሐሙስ

እትዬ ዶሪስ በአሮጌ ፒክአፓቸው ራሳቸው ወሰዱን። ሦስታችን ፊት ወንበር ላይ ተጣብበን፤ ጋሽ መኩሪያ መሐል። መንገዱ ጥድ በጥድ ነው፤ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ጋር ቢወዳደር ሽታው ያንሳል፣ ጥላው ይበልጣል። አንድ ኩርባ ስንዞር እትዬ ዶሪስ ምንም ሳይናገሩ መኪናውን ቀስ አደረጉት። ተራራው ላይ አራት ሰዎች ያዩናል።

ዕይታውን ብዙ አልጽፍላችሁም፤ ፎቶው በየቦታው አለ። ትልልቅ ናቸው። የአንዱ አፍንጫ ብቻ ሦስት ሰው ተደራርቦ ቆሞ ያህላል፤ ቢያስነጥሰው ዋዮሚንግ ይጥለቀለቃል። ከግራ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት፣ ቀጥሎ የነጻነት አዋጁን የጻፈው፣ ቀጥሎ መነጽርና ሪዝ ያለው፣ ከዚያ ባሮችን ነጻ ያወጣው ባለ ጺሙ። ጋሽ መኩሪያ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ስልካቸውን በእጃቸው ይዘው፣ አንድ በአንድ አዩአቸው።

“እነዚህ ሰዎች” አሉ በመጨረሻ፣ “‘እኔ እፈልጋለሁ’ ብለው ነው እዚህ የወጡት?”

ተርጉሜ አጠገባችን የቆመችውን ባለ ባርኔጣ የፓርክ ጠባቂ ጠየቅኳት። ወጣት ናት፤ ጥያቄው ደስ አላት። የመጀመሪያው፣ አለች፣ እርሻዬ ላይ ተዉኝ እያለ ብዙ ተለምኖ ነው የገባው። ለሁለተኛ ዙርም መሄድ እፈልጋለሁ ሲል ለመኑት፤ ሥልጣኑ ላይ ቆየ። ለሦስተኛ ዙር ግን በቃኝ አለ።

“ከዚያስ?”

“ሄደ። እርሻው ገባ።”

ስተረጉምላቸው ጋሽ መኩሪያ ክንዴን ጨብጠው ያዙ። “አየህ! አየህ ይሄን ሰው! የኛ ሰው ነው! ሁለቱ ወግ ነው፣ ሦስተኛው ነው እውነቱ። ናታን ይሄን ትምህርት ቤት አላስተማሩትም?” የፓርክ ጠባቂዋን እጅ በሁለት እጃቸው ጨበጡ፤ ጎንበስ ብለው። ልጅቱ ምን እንዳደረገች አልገባትም።

እትዬ ዶሪስ ወደ ተራራው እያዩ፣ “እሱን ሦስት ጊዜ ጠየቁት” አሉ። “ተራራው ከነጮቹ በፊት እዚህ የነበሩት የላኮታ ሰዎች ነው፤ እነሱን አንድ ጊዜም የጠየቃቸው የለም።” ከዚያ መኪናቸው ውስጥ ገቡ። ጋሽ መኩሪያ ኮፍያቸውን መልሰው አላደረጉም፤ ይዘውት ገቡ።

ማታ ጎማው ተገጥሞ፣ ዓርብ ጠዋት ለመነሳት ተዘጋጅተን ማዕድ ቀረብን። ሐሙስ ስለሆነ የትላንቱን ሥጋ ጋሽ መኩሪያ ተበቀሉት። የማቀዝቀዣው በር ላይ ክብ ክብ ወረቀቶች ተለጣጥፈው አየሁ፤ ሁሉም “መርጫለሁ” ይላሉ። በየምርጫው ድምፅ ለሰጠ ሰው የሚሰጡት ነው። አንዳንዱ ከማርጀቱ የተነሳ ጽሑፉ ጠፍቷል።

ስለ ምርጫ አንድ ነገር ላስረዳችሁ። የዚህ ሀገር ትልልቅ ፓርቲዎች ምልክታቸው ዝሆንና አህያ ነው። ደቡብ ዳኮታ ለፕሬዚዳንት ማንን እንደሚመርጥ ለማወቅ ጋዜጣ አያስፈልግም፤ ዝሆኑን ነው። ሁሌም። የኛ ክፍለ ሀገር ደግሞ በተገላቢጦሽ ስንት ዘመን አህያውን ነው የሚመርጠው። እንግዲህ እትዬ ዶሪስ የአህያው ወገን ናቸው። ባላቸው ነፍሳቸውን ይማርና የዝሆኑ፣ ወንድሞቻቸው የዝሆኑ፣ ፈረሶቹም ሳይቀሩ የዝሆኑ።

“አህያ ነኝ ብለው ራሳቸው ነው የሚናገሩት?” አሉኝ ጋሽ መኩሪያ በአማርኛ።

“በኩራት ጋሼ።”

“አሸንፈው ያውቃሉ?”

ጠየቅኳቸው። እትዬ ዶሪስ ቢላዋቸውን አስቀመጡ።

“አንድ ጊዜ። የመጀመሪያዬ ነበር፤ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። የመረጥኩት ሰው እዚህ ደቡብ ዳኮታ ውስጥ አሸነፈ። ምርጫ ማለት ሁሌም እንደዚያ መሰለኝ።” ሳቁ። “ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ። አንዴ የዚሁ ሀገር ልጅ፣ የኛው ሰው ተወዳደረ። የገዛ ሀገሩ ሰው አልመረጠውም። ከላሞቹ ጋር ገብቼ አለቀስኩ።”

ይህን ስተረጉም ጋሽ መኩሪያ መንጋጋቸው ቆመ። “የገዛ ሀገሩ ሰው?”

“የገዛ ሀገሩ።”

“ታዲያ ምን ያለፋዎታል? እንደማያሸንፉ እያወቁ በዚህ ዕድሜ ይሄዳሉ፣ ይሰለፋሉ…”

እትዬ ዶሪስ ትከሻቸውን ነቀነቁ። “ካልሄድኩ እንደፈለግሁ በምን ያውቃሉ? ቤቴ ቁጭ ብዬ እንዲገምቱልኝ ነው?” አሉና ተነስተው የፖም ኬክ አመጡ። ለእኔ ቆረሱልኝ። ወደ ጋሽ መኩሪያ ዞሩ። “እርስዎስ? ይፈልጋሉ?”

የጋሽ መኩሪያ እጅ ወደ ደረታቸው ጉዞ ጀመረ። መንገድ ላይ ቆመ። ጠረጴዛው ላይ ወረደ። ግንባራቸው ላይ ላብ አየሁ።

“የስ” አሉ። “አይ ዎንት።”

እትዬ ዶሪስ ምንም የተለየ ነገር እንደሆነ አላወቁም፤ ኬኩን ቆርሰው ሰጧቸው። እኔ ግን ማጨብጨብ ቃጥቶኝ ነበር። ጋሽ መኩሪያ ሌላ ቁራሽም ጠየቁ፤ ከራሳቸው አፍ።

ዓርብና ቅዳሜ

መመለሻው እንደ መሄጃው ነው፤ ላሚቱ ብቻ በሌላ ጎኗ ናት። ጋሽ መኩሪያ መሐላ እንደገባ ሰው ለጠየቃቸው ሁሉ እሺ ይላሉ። ነዳጅ ማደያው “ደረሰኝ ይፈልጋሉ?” “የስ!” ምግብ ቤቱ “ተጨማሪ ናፕኪን?” “የስ!” ሞንታና ውስጥ አንድ ሰው ቡችላ በነጻ ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቃቸውና እየጎተትኩ ነው ያወጣኋቸው። ሚዙላ ያው ሞቴል ስንገባ ልጅቱ አፏን ሳትከፍት “ግራውንድ ፍሎር!” አሏት።

ስለ እሑድ ግን አንድም ቃል አልተነጋገርንም። እኔም አልጠየቅኩም። ስኖኳልሚ ላይ ዝናቡ እዚያው ጥለነው በሄድንበት ቦታ ጠበቀን።

እሑድ

ኮሎምቢያ ሲቲ የሚባለው ሰፈር የምንከራየው አዳራሽ ሄድኩ። ፓርክ የማደርግበት አጥቼ ሰፈሩን እንደ ታቦት ዞርኩት፤ ስገባ ናታን ጀምሮ ነበር። “ኦኬ፣ ሌላ ጥቆማ ከሌለ ወደ ቮቲንግ እንሂድ። ኤኒዋን?”

ጋሽ መኩሪያ ተነሱ። ግማሽ አይደለም፤ ሙሉ በሙሉ። እጃቸውን ከደረታቸው ሊያርቁ የፊታቸውን ወንበር በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

“እኔ አለሁ” አሉ። “እፈልጋለሁ።”

አዳራሹ ውስጥ አንዲት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እትዬ ዘውዲቱ መሬት መሬት አዩ። ሰው በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም። ናታን ግን፣ “ግሬት! እናመሰግናለን ጋሼ” አለና የሲስተር ናርዶስ ስም ሥር ጻፋቸው። በቃ። ሰማይ አልወደቀም።

እጅ ወጣ። እኔ ለጋሽ መኩሪያ ሁለቱንም እጄን ነው ያወጣሁት፤ አንዱን በሕግ፣ ሌላውን ክንዴን እየዘረጋጋሁ በማስመሰል። ብዙ እጅ ነበር። ለሲስተር ናርዶስ የወጣው ግን በጥቂቱ በለጠ። ሊያርፉ የቀረቡት ለጋሽ መኩሪያ፣ ገና ልጅ የሚወልዱት ለሷ አወጡ ብል ብዙ አልዋሸሁም። ናታን ውጤቱን አነበበ። ጋሽ መኩሪያ ተቀመጡ። ፊታቸውን አየሁት፤ የከፋው ሰው ፊት ነው፤ ግን የታመመውን ሕፃን የሚያይ ሰው ፊት አልነበረም።

ሲስተር ናርዶስ ተነሳች። ለቅሶ ቀርቧታል። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ “ኧረ እኔ አልችልም። ጋሽ መኩሪያ እያሉ እኔ ምን ሆኜ ነው! እኔን ተዉኝ” አለች።

ናታን እስክሪብቶውን አነሳ። “ኦኬ፣ ሲስተር ዲክላይን…”

“ቆይ!” ጋሽ መኩሪያ ከተቀመጡበት ተፈናጠሩ። ሊፍት የሌለው ሦስተኛ ፎቅ የገደለው ጉልበት እንደዚያ ሲነሳ አይቼ አላውቅም። “ቆይ አንተ ልጅ! እንዳትጽፍ! ገና አንደኛው ነው!”

ወደ ሲስተር ናርዶስ ዞሩ። “ልጄ፣ ሰው አምኖ መርጦሻል። እኔ እፈልግ ነበር፤ ተናግሬአለሁ፤ ተሰምቷል። አሁን አንቺ እሺ በይን።”

“ኧረ ጋሼ በፍጹም፣ ይተዉኝ…”

“ሁለት!” አሉ ወደ ናታን ጣታቸውን እያሳዩ።

ናታን እስክሪብቶው አየር ላይ እንዳለ፣ “ሶ… መቼ ነው የምጽፈው ጋሼ?”

“ሦስተኛውን እምቢ ካለች። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንታችንም እንደዚሁ ነው የተጻፈለት። ካላመንክ ተራራ አለ፣ ሂድና ጠይቅ።” እንደገና ወደ እሷ ዞረው ጎንበስ አሉ። “በእመቤታችን፣ ልጄ።”

“በእመቤታችን!” አሉ ሴቶቹ ሁሉ፤ አንድ ወር ሙሉ ጉሮሯቸው ላይ ተሰንቅሮ የቆየ ቃል ነው፤ አዳራሹን አናወጠው።

ሲስተር ናርዶስ እንባዋን ጠረገች። “እሺ። ግን አንድ ነገር። ሰው ሲያርፍ እኔ መጀመሪያ የምደውለው ለእርስዎ ነው። አብረውኝ ካልሠሩ አልገባም።”

ሁሉም ወደ ጋሽ መኩሪያ ዞረ። እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ ደረታቸው ሲጓዝ አየሁት። ስልኩ ያለበት ኪስ ጋ ደረሰ። አፋቸው “ኧ…” ብሎ ተከፈተ፤ “…ረ እኔን ተዉኝ” እንደሚከተል ሁላችንም እናውቃለን።

ናታን እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ።

ጋሽ መኩሪያ እስክሪብቶውን አዩት።

“እሺ” አሉ፣ በጥድፊያ።